ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ሆኖ አደን አለ? የአባባና የወንድሜ ክርክር

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ፣ መስከረም 19

ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ቤታችን ውስጥ የተነሳ ክርክር እንቅልፍ ቢነሳኝ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ከሄደ 11 ዓመት ሆነው። አሁን ለእረፍት መጥቶ እኛ ጋ ሰንብቷል። እዚያ አገር አደን ለምዷል። በየዓመቱ ፈቃድ ያወጣና ኤልክ ያድናል። ኤልክን ላላያችሁ፣ ከእኛ አጋዘን የሚገዝፍ እንስሳ ነው። ወንዱ 300 ኪሎ ይደርሳል። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል።

ዓርብ ለት ቶናው ላይ ስልኩን ከፍቶ ለአባባ ቪዲዮ አሳያቸው። አባባ አያታችን ናቸው። ወጣት ሳሉ ከባቲ ወደ ቆላው እየወረዱ ከአፋር ባልንጀራቸው ጋር ያድኑ ነበር። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ የሳላ ቀንድ አለ። ሁላችንም ያን ቀንድ እያየን ነው ያደግነው።

ቪዲዮው ላይ ሁለት ኤቲቪ፣ ያው ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ በጥዱ መሃል ዳገት ይወጣሉ። ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ራቅ ብሎ ኤልኮች ደንብረው ሲሮጡ ይታያሉ። የወንድሜ ጓደኛ ሞተሩን አጠፋ፣ ዘሎ ወረደ፣ ጠመንጃውን ከማህደሩ አወጣ፣ አጎረሰ፣ ተኮሰ። አንዱ ኤልክ ተንገዳገደና ጫካው ውስጥ ገባ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

አባባ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይሄ አደን አይደለም። ይሄ ማባረር ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ወንድሜ በጣም ከፋው። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ዘመኑ አልገባቸውም» አለኝ። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። መሃል ላይ ቀረሁ።

አደን የምታውቁ፣ ሞተር የምታውቁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ። ማን ነው ልክ?

ባቲ ሰኞ፣ ባቲ፣ መስከረም 19

ልጄ፣ አያትህን አይቻቸው ባላውቅም አወቅኋቸው። የእኔም አባት እንዲሁ ነበሩ።

የበረሃ አደን ገና ሳይነጋ ነው የሚጀመረው። አባቴ መጀመሪያ የሚያደርጉት ደረቅ አፈር ቆንጥረው መበተን ነበር። ብናኙ ወደ ፊታቸው ከመጣ ይቀጥላሉ። ከኋላቸው ወደ ፊት ከነዳው ዞረው በሌላ በኩል ይመጣሉ። ሳላ ሽታህን ካገኘ ያን ቀን ድጋሚ አታየውም። ከዚያ ዱካ ነው። ዱካው የዛሬ ነው የትናንት? ጠርዙ ሹል ነው ወይስ ነፋስ ሸርሽሮታል? በጠጡ እርጥብ ነው? የበላው ቅጠል ወተቱ ደርቋል? ይህን ሁሉ በእግር እየሄዱ፣ አጎንብሰው ነው የሚያነቡት። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ነው። ዱካ አያይም።

አባቴ ምንሽር ይዘው እስከ መቶ ርምጃ ይጠጉ ነበር። ካልተጠጉ አይተኩሱም። ጥይት ውድ ነው። የቆሰለ ጥሎ መመለስ ደግሞ ነውር ነው፤ ሰው ፊት አይወራም።

ወንድምህ አይከፋው። አያትህ የተናገሩት ስለሚወዱት ነው።

ኮሎራዶ ወሎየ፣ መስከረም 20

ወንድምየው እኔ ነኝ። ታናሼ ሳይነግረኝ ነው የለጠፈው። ግን ጥሩ አደረገ። እኔም ልናገር።

አባቴ ባቲ ሰኞ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ። የእኔን ደግሞ ይስሙኝ።

የማድንበት ተራራ ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ጦሳ አናት ላይ ሆናችሁ አስቡት። ኤልክ አንዴ ከወደቀ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። ሆድ ዕቃውን ታወጣለህ፣ ቆዳውን ትገፋለህ፣ ትበልታለህ። የትልቅ ወንድ ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ መቶ ኪሎ ገደማ ይሆናል። በጀርባህ በአንድ ጉዞ 30 ኪሎ ብትሸከም ጎበዝ ነህ። መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ አሥር ነው። አራት ጊዜ ተመላለስና ቁጠሩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሥጋው ቶሎ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ ደግሞ እዚያ ወንጀል ነው። ለዚህ ነው ኤቲቪ የገዛሁት። ጉልበቴን ሰስቼ አይደለም።

ሕግም የሌለ እንዳይመስላችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤቲቪ ላይ የሚጫን የአደን ጠመንጃ ባዶ መሆን አለበት። ጥይት በጉሮሮውም በመጋዘኑም አይኖርም። ማህደር ውስጥም መግባት አለበት። አዳኙ ከወገቡ በላይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይለብሳል፤ ሌላው አዳኝ እንስሳ መስሎት እንዳይተኩስበት። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ የተከለሉ ጫካዎች ውስጥ ሞተር የሚባል ነገር ጭራሽ አይገባም። እዚያ በእግር ወይም በፈረስና በበቅሎ ብቻ ነው። በሌላው የመንግሥት ጫካም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ደንብ መሠረት በካርታ በተፈቀደው መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚነዳው። ካርታው ላይ የሌለ መንገድ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ፈቃድ አውጥቼ፣ ሕግ አክብሬ፣ ሥጋውን እስከ መጨረሻው በልቼ፣ ማባረር ነው መባሌ ያማል።

ሞተር ጋራዥ፣ ኮምቦልቻ፣ መስከረም 20

ስለ ማሽኑ እኔ ልበል። ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ስፈታ ስገጥም 20 ዓመቴ ነው። ኤቲቪም ሁለት ጊዜ እጄ ገብቷል።

ይህ ነገር መጀመሪያ ሦስት ጎማ ነበረው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ገበያ ያወጣው ባለ ሦስት ጎማ ነበር። ጎማው ትልቅና ለስላሳ፣ ጭቃና በረዶ ላይ የሚሄድ። ሰው ወደደው፤ ግን ይገለበጣል። የሐረጎን ቁልቁለት በባጃጅ የወረደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. ለ1983 ባለ አራት ጎማውን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ባለ ሦስት ጎማውን አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አቆሙ።

አራት ጎማ ሆነ ማለት ግን አይገለበጥም ማለት አይደለም። ወርዱ ጠባብ ነው። ከመሬት ከፍ ይላል። ጎማው ውስጥ ያለው አየር በጣም ትንሽ ነው፤ የቤት መኪና 30 ፒኤስአይ ቢይዝ ይኼ ከ5 እስከ 7 ነው የሚይዘው። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ይነጥራል። ኮርቻው ረጅም የሆነው ሁለት ሰው እንዲቀመጥ አይደለም። ነጂው ዳገት ላይ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ አግድም ላይ ወደ ዳገቱ በኩል ሰውነቱን እንዲያዛውር ነው። ከኋላ ሰው ካፈናጠጥክ ሚዛኑን ወሰድክበት።

አሁን ኤልክ ጫንበት። ከኋላ መደርደሪያው ላይ መቶ ኪሎ ሥጋ ቆልለህ ዳገት ውጣ። የፊት ጎማው ይነሳል። ወደ ኋላ ተገልብጦ በላይህ ይመጣል። ወንድሜ ኮሎራዶ፣ ለሁለት ከፍለህ ጫን። ዝቅ አድርገህ እሰር። አግድም ዳገት አትሂድ። እንደሚቻል ሁሉ ተጎታች ተጠቀም። ሌላም ነገር፦ ጭስ ማውጫው እሳት ነው። የደረቀ ሣር ላይ አታቁመው። ሣር ሥሩ ተጠቅጥቆ የያዘ ኤቲቪ ራሱም ይቃጠላል፣ ጫካም ያቃጥላል።

ሲስተር፣ ደሴ፣ መስከረም 20

አጭር ልበል። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ሞተር ሳይክል የሚያደርገውን በየሳምንቱ አያለሁ። የኤቲቪው ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ክብደቱ 300 ኪሎ አካባቢ ነው። ደረት ላይ ከተኛ አጥንት ባይሰበር እንኳ ሰው መተንፈስ ያቅተዋል። በደቂቃዎች ነው ነገሩ የሚያልቀው። ጫካ ውስጥ ደግሞ የሚያነሳልህ የለም። ስለዚህ ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጫማ። ብቻህን አትውጣ። የት እንደሄድክ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ከ16 ዓመት በታች ልጅ የትልቅ ሰው ኤቲቪ ላይ አይውጣ። ቪዲዮው ላይ ሄልሜት ያደረገ እንዳላየ ታናሽህ በግል ጽፎልኛል። ልቤን በላው።

ወረኢሉ ፈረሰኛ፣ መስከረም 21

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። አያቶቻችን በምን ነበር የሚያድኑት? በፈረስ! ሰጎን በፈረስ እያባረሩ ጦር ሲወረውሩ አልነበር? ወሎ የፈረሰኛ አገር ነው። ፈረስ እግር ነው? አይደለም። የሰው እግር የማይደርስበት የሚያደርስ ነገር ነው። ታዲያ ፈረሱ ብረት ሆነ ተብሎ አደኑ እንዴት አደን መሆኑ ይቀራል? አባባን አከብራለሁ። ግን በዘመናቸው ኤቲቪ ቢኖር እሳቸውም ይወጡበት ነበር ባይ ነኝ።

ባቲ ሰኞ፣ ባቲ፣ መስከረም 21

ወንድሜ ወረኢሉ፣ ያነሳኸው ቁም ነገር ነው፤ መልስ ይገባዋል።

ፈረስ ይደክማል። ከእንስሳው ጋር አብሮ ያልበዋል። ገደል ሲያይ ይቆማል። ጅብ ሲሸተው ጆሮውን ያቆምና ይነግርሃል። በፈረስ ያባረረ ሰው ከእንስሳው ጋር እኩል ይሮጣል፤ ፈረሱ ከቀደመ ይጥላል፣ እንስሳው ከቀደመ ያመልጣል። ሁለቱም ዕድል አላቸው። ሞተር ግን ነዳጅ እስካለው አይደክምም። ልዩነቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ባዮሎጂ መምህር፣ ወልዲያ፣ መስከረም 21

ፈረስና ሞተር ልዩነት አላቸው ወይ ለሚለው፣ በራሱ በኤልክ ላይ የተጠና ነገር አለ። ኦሪገን ግዛት ውስጥ ስታርኪ የሚባል በአጥር የተከለለ ትልቅ የምርምር ጫካ አለ። ተመራማሪዎች የኤልኮች አንገት ላይ መከታተያ አሰሩ። ከዚያ ሰዎችን በአራት መንገድ ላኩ፦ በኤቲቪ፣ በተራራ ብስክሌት፣ በእግርና በፈረስ። በአደን ጊዜ አይደለም። ሰዎቹ ዝም ብለው በመንገዱ ማለፍ ብቻ ነው ሥራቸው።

ኤልኮቹን ከሁሉ የበለጠ ያንቀሳቀሳቸው ኤቲቪ ነበር። ቀጥሎ ብስክሌት። የእግረኛና የፈረሰኛ ዝቅተኛ ነበር። ለምን ይህ ያሳስባል? በሽሽት ያሳለፉት ሰዓት ያልጋጡበት ሰዓት ነው። በመከር ያልጋጠ ኤልክ ክረምቱን የሚሻገርበት ስብ የለውም። ክረምት ስል የእነሱን በረዶ ማለቴ ነው።

ስለዚህ አባባ ማጥናት ሳያስፈልጋቸው የተናገሩት ነገር ተለክቶም ያው ሆኖ ተገኝቷል። ለአዳኙም ኪሳራ ነው። ሞተሩ የሚያስነሳውን እንስሳ አዳኙ ጨርሶ አያየውም። ባዶ ጫካ ነው ብሎ ይመለሳል።

ሉካንዳ ቤት፣ ደሴ ፒያሳ፣ መስከረም 22

እኔ አደን አላውቅም፤ ሥጋ ግን አውቃለሁ። በሬ ከሩቅ ገበያ በእግሩ ተነድቶ ሲመጣ በዚያው ቀን አናርደውም። አድሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተረጋግቶ ነው የሚታረደው። ደንብሮ ወይም ሲታገል የታረደ በሬ ሥጋው ይጠቁራል። እጅ ላይ ይጣበቃል። ቶሎ ይበላሻል። ደንበኛ አንዴ ያያል፣ አይመለስም። በሞተር ተባሮ የተመታ እንስሳም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

አንድ ጥያቄ ለኮሎራዶው ወንድማችን። ያ ቪዲዮው ላይ ተመቶ ጫካ የገባው ኤልክ ተገኘ?

የአምባሰል ልጅ፣ ውጫሌ፣ መስከረም 22

እኔም ይህን ልጠይቅ ነበር። ደግሞ ለሙስሊሙ ይበላል ወይ?

ባቲ ሰኞ፣ ባቲ፣ መስከረም 22

ሲተኩስ ቢስሚላህ ካለና ጥይቱ ወግቶ ከገደለው ይበላል። ነፍሱ ሳትወጣ ከደረሰበት ማረድ አለበት። እንግዲህ ለማረድ መድረስ ያስፈልጋል። ለመድረስ መጠጋት ያስፈልጋል።

አንድ እግር፣ ቆቦ፣ መስከረም 23

ሁሉንም አነበብኩ። ሁላችሁም ስለ እግር ታወራላችሁ። እኔ ግራ እግሬ የለም። ከጉልበት በታች ነው የጠፋው። እንዴት እንደሆነ ልተወው።

በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ከዞብል ተራራ ግርጌ ጅግራ እናድን ነበር። አሁን ክራንች ይዤ እዚያ ዳገት አልወጣም። እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖር አንድ ጠዋት እንኳ እዚያ አናት ላይ ሆኜ ፀሐይ ስትወጣ ባይ ደስ ይለኛል። ይህም ማባረር ነው ትሉኛላችሁ?

ኮሎራዶ ወሎየ፣ መስከረም 23

ወንድሜ ቆቦ፣ አይደለም። ማንም እንዲህ አይልህም። ኮሎራዶ ውስጥ መራመድ ለማይችል አዳኝ የተለየ ፈቃድ አለ። ከቆመ ተሽከርካሪ ላይ ሆኖ መተኮስ ይፈቀድለታል። ቆሞ ይጠብቃል፣ ያደፍጣል፣ እንስሳው ራሱ ሲመጣ ያያል። ይህ አደን ነው። ከእኔ ቪዲዮ ይልቅ አደን ነው።

ሉካንዳ ቤት የጠየቅከኝን ሁለት ቀን መመለስ አቃተኝ።

ያ ኤልክ አልተገኘም። ጓደኛዬ የተኮሰው እየሮጠ ሳለ ነው። ልባችን እየመታ፣ እጃችን ከመሪው ንዝረት ገና ሳይረጋጋ። ደሙን ተከትለን ሄድን። መጀመሪያ ብዙ ነበር። ከዚያ ጠብታ ሆነ። ከዚያ ጠፋ። እስከ ጨለማ ፈለግን። በማግስቱ ከንጋት እስከ ቀትር ፈለግን። በረዶ መጣል ጀመረ። ተመለስን። ቪዲዮውን እዚያ ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለአባባ ሳሳያቸው የመጨረሻውን እንደማያውቁ አስቤ ነበር። ዛሬ ስጠይቃቸው «ኋላ እግሩን ነው የመታው፣ አላገኛችሁትም» አሉኝ። አንዴ አይተው አውቀውታል።

ሁለት ዓመት ሆነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ባቲ ሰኞ፣ ባቲ፣ መስከረም 23

ልጄ፣ ተናገርከው። አባቴም አንድ ሳላ አቁስለው አጥተውት ነበር። አርጅተው እንኳ ሲያነሱት ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

ኮሎራዶ ወሎየ፣ መስከረም 24

አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ስለሆነ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሁለት ኤቲቪ ወደ ወሎ ለማምጣት እያሰብን ነው። ለአደን አይደለም። ጎብኚ ከመካነ ሰላም ይዞ ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ወይም ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ለመውጣት። በእግር የማይችል ሰው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያያል። ለወጣቱም ሥራ ይሆናል። ምን ትላላችሁ?

ጓሳ ጠባቂ፣ መካነ ሰላም፣ መስከረም 25

እስካሁን ዝም ብዬ ነበር የማነበው። አሁን ግን ደጄ ድረስ መጣችሁ፤ ልጻፍ።

ደንቆሮ ጫካ ያለበት ቦረና ሳይንት ፓርክ ዙሪያ ነው ያደግኩት። አባቴም ጫካ ጠባቂ ነበር። ደንቆሮ ጫካን የማታውቁ፣ ከታች ወፍራም ጫካ ነው፣ ከፍ ስትሉ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ። ጠዋት ጉሙ እግርህ ሥር ነው። ድኩላው ከጫካው ጠርዝ ወጥቶ ይግጣል። የምኒልክ ድኩላ የሚሉት ጥቁሩ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ቅጠል ስትረግጥ ይሰማሃል፣ እንደ ውሻ ጮኾ ይገባል። አንድ ጊዜ ከገባ ማታ ድረስ አይወጣም። እንግዲህ ሞተር አስቡ።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሚያድነው በጆሮው ነው። ጓሳው ውስጥ ይቆማል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ አይጧ መሬት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ይሰማል፣ ከዚያ ይዘላል። ስንት ጊዜ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ሞተር በአካባቢው ካለ ምን ይሰማል? ጎማው ደግሞ የአይጧን ጉድጓድ ይደፍነዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። እኛ ወሎ ውስጥ ያሉን ጥቂት ናቸው፤ በየተራራው አናት ተለያይተው ነው የሚኖሩት። አንዱ ቦታ ላይ ካለቁ ከሌላው ተራራ የሚመጣ የለም። መሃሉ እርሻ ነው።

መሬቱም አይችልም። የጓሳ መሬት ክረምት ላይ ስፖንጅ ነው። በዚህ ክረምት የጎማ መስመር ብታወጣበት በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ይሄድበታል። በሦስተኛው ቦይ ነው። ከዚያ በዚያ መስመር ከብት ይገባል፣ እንጨት ቆራጭ ይገባል። መንገድ የከፈተ ሰው ማን እንደሚሄድበት መምረጥ አይችልም።

አደንም ቢሆን ልንገራችሁ። አገራችን ውስጥ ሕጋዊ አደን አለ። በባሌና በአርሲ በኩል የደጋ አጋዘን በፈቃድና በተወሰነ ቁጥር የሚታደንባቸው ቦታዎች አሉ። ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ፓርክ ውስጥማ ወሬውም የለም። ግን ሌሊት ባትሪ ይዞ ድኩላ ሊገድል የሚመጣ ሰው አለ። አሁን የሚያቆመው አንድ ነገር ዳገቱ ነው። በእግር ወጥቶ፣ ገድሎ፣ ተሸክሞ እስኪወርድ ይነጋል፤ እናገኘዋለን። ሞተር የሚወጣበት መንገድ ካለ ግን ሳይነጋ ገብቶ ይወጣል። እኛ በእግራችን ነን።

ወንድሜ ኮሎራዶ፣ ያንተን ቅን ልብ አይቻለሁ። ግን ዳገቱን አትውሰድብን።

አንድ እግር፣ ቆቦ፣ መስከረም 25

ጓሳ ጠባቂ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሌላ መንገድ አለ?

ጓሳ ጠባቂ፣ መካነ ሰላም፣ መስከረም 25

አለ ወንድሜ። በቅሎ አለች። እኔ ራሴ እወስድሃለሁ። ኅዳር ላይ ና፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጭላዳዎቹ ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ትቀመጣለህ። በቅሎ ለምደዋል፣ አይሸሹም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ሞተር ጋራዥ፣ ኮምቦልቻ፣ መስከረም 26

ሞተር ነው እንጀራዬ። ግን ጓሳ ጠባቂ ያለውን ካነበብኩ በኋላ ያን ማሽን እዚያ ተራራ ላይ ባየው ደስ አይለኝም። ኤቲቪ የተሠራው ገበሬ በርሜልና አጥር እንዲያጓጉዝበትም ጭምር ነው። ለሥራ ከሆነ አምጡት፣ እጠግናለሁ። ከቆላ ማንጎ ቢያወጣ፣ ሩቅ ላለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቢያደርስ እሱ ነው ቦታው።

ወረኢሉ ፈረሰኛ፣ መስከረም 26

የፈረሱን ነገር አሁንም አልተውኩም። ግን በቅሎዋ ካሸነፈች እኔም አሸነፍኩ።

ኮሎራዶ ወሎየ፣ መስከረም 27

ሁላችሁንም ሰምቻለሁ። ነገ ነው የምበረው። የደንቆሮውን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ ለጓደኞቼም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛው ተቆጥቷል።

ለራሴ ደግሞ ያሰብኩት አለ። ወር ሳይሞላ የአደን ፈቃዴ ይጀምራል። ኤቲቪው ካምፕ ይቆያል። ከዚያ በላይ በእግሬ ነኝ። ከወደቀ በኋላ ሥጋውን በጀርባዬ እስከ ተፈቀደው መንገድ አወርዳለሁ፣ ከዚያ ማሽኑ ይረከበኛል። ካልወደቀም ሳልተኩስ እመለሳለሁ። አባባን ዛሬ ማታ እንዴት አፈር እንደሚበትኑ አሳዩኝ አልኳቸው። ግቢ ወጥተን ግማሽ ሰዓት ቆምን። ነፋስ አልነበረም።

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ፣ ኅዳር 6

ወገኖች፣ ክሩን መልሼ ላንሳው። ወንድሜ የላከልኝን እንዳለ ልለጥፍ። እሱ ሥራ ላይ ስለሆነ እኔ እንድለጥፈው ነግሮኛል።

«ሦስት ቀን ባዶ ነበር። በየቀኑ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ኤቲቪውን ካምፕ አቁሜ በእግሬ ወጣሁ። መሬቱ በረዶ ስለሆነ የሚበተን አፈር የለም። ከእሳቱ ዳር አመድ በትንሽ ጣሳ ይዤ ነበር። ሁለተኛው ቀን ሌሎች አዳኞች ከታች በሞተር ሲያልፉ ሰማሁ። ድምፁ ከሸለቆው ሳይጠፋ ስምንት ኤልክ በላዬ በኩል ጠርዙን ተሻግረው ሄዱ። ባዮሎጂ መምህሩ ያለውን በዓይኔ አየሁ። አራተኛው ቀን አመዱ ፊቴ ላይ ተመለሰ። በሆዴ እየተሳብኩ ተጠጋሁ። ሴት ነበረች፣ ብቻዋን፣ ቆማ ትግጥ ነበር። ፈቃዴም የሴት ነው። 90 ርምጃ። ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። እዚያው ወደቀች። አንድ ርምጃ አልሄደችም። ከጎኗ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ሥጋውን በሦስት ጉዞ አወረድኩ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል። ሄልሜት አድርጌያለሁ፣ ለሲስተር ንገርልኝ።»

ማታ ለአባባ ደወለላቸው። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ስንት ኪሎ ነው አላሉም። ፎቶውንም አልጠየቁም። መጀመሪያ የጠየቁት «ነፋሱ በየት በኩል ነበር?» ነው። ወንድሜ ሲያስረዳ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ «ሥጋውን ምን አደረግኸው?» አሉት። ፍሪጅ ውስጥ ነው ሲል ደነገጡ። አሁን ሁለቱ ስልክ ላይ ናቸው። በሚጥሚጣና በጨው እንዴት ዘልዝሎ ቋንጣ እንደሚያደርገው እያስረዱት ነው፤ በረንዳው ላይ ገመድ ስንት ክንድ እንደሚበቃው እየተከራከሩ ነው።